ከማውስ ወደ ትራክቦል መሸጋገር፦ ከመምረጥ እስከ ማጽዳት

ማውስ ሲንቀሳቀስ እጅና ክንድ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ትራክቦል ግን ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አይልም፤ የምትዞረው ኳሷ ብቻ ናት። ከኳሷ ሥር ያለው ሴንሰር ወዴትና ምን ያህል እንደዞረች እያነበበ ከርሰሩን ያንቀሳቅሳል። ጠረጴዛው ለጠበበበት፣ ሁለትና ሦስት ስክሪን ደርድሮ ለሚሠራ፣ ማውስ ሲገፋ ውሎ ትከሻውና የእጁ አንጓ ለሚዝልበት ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሆኖም ትራክቦል ገዝተው በሳምንቱ ወደ ማውስ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ሲጣራ ከሦስት ነገሮች አያልፍም፦ ፍጥነቱን ከፋብሪካ እንደመጣ ትተውታል፣ ኳሷን እያዞሩ ክሊክ ለማድረግ ይታገላሉ፣ ወይም ቆሻሻ ተጠራቅሞ ኳሷ ስትከብድ ዕቃው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በእነሱ ላይ ረዘም ይላል፤ ሌላውን በአጭሩ ያልፈዋል።

የትኛው ዓይነት?

ትራክቦሎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው በአውራ ጣት የሚዞረው ነው። ቅርጹ ከማውስ ብዙም አይርቅም፤ ኳሷ በግራ ጎኑ ተሰክታለች፤ የግራና የቀኝ ክሊኩ እንደለመድነው በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ነው። የሎጂቴክ ኤርጎ ኤም575 እና ኤምኤክስ ኤርጎ ከዚህ ወገን ናቸው፤ የሁለቱም ኳስ 34 ሚሊ ሜትር ነው። ከማውስ ለሚመጣ ሰው በጣም የሚቀለው ይህ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ ሥራ የሚማረው አንድ ጣት ብቻ ነው። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ በአውራ ጣት ላይ ይወድቃል። ስልክ ላይ በመጻፍ ብዛት የአውራ ጣትዎ ሥር የሚያምዎ ከሆነ ይህን ዓይነት አይግዙ። ሕመሙን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው በጣቶች የሚዞረው ነው። ኳሷ መሐል ላይ ትቀመጣለች፤ የሚያዞሯት ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ናቸው፤ ክሊክ የሚደረገው በአውራ ጣትና እንደ ሞዴሉ በትንሿ ጣት ወይም በቀለበት ጣት ነው። የኬንሲንግተን ኤክስፐርት ማውስና ስሊምብሌድ 55 ሚሊ ሜትር ኳስ አላቸው፤ የኤሌኮም ሂዩጅ 52 ሚሊ ሜትር። ክሊክ የሚያደርገው ጣት ስለሚቀየር መልመዱ ረዘም ይላል። ከለመዱት በኋላ ግን ሸክሙ ለብዙ ጣቶች ይከፋፈላል፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴም የተሻለ ይታዘዛል። ትልቅ ኳስ ክብደት ስላላት ገፋ አድርገው ሲለቋት ትንሽ ትሽከረከራለች፤ ይህ ሰፊ ስክሪን ለማቋረጥ ይጠቅማል። ትንሿ ኳስ ጣት ሲለቃት ወዲያው ትቆማለች።

የእኛ ምክር፦ ቀኑን ሙሉ በሥዕላዊ ሥራ፣ በካርታ፣ በድምፅና በቪዲዮ ቅንብር ላይ ለሚውል ትልቋ ኳስ ትሻላለች። ሥራው ጽሑፍ፣ ኢሜይልና ሠንጠረዥ ለሆነ ሰው በአውራ ጣት የሚዞረው ይበቃዋል። ፈጣን የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው፣ በነፃ እጅ መስመር የሚስልም ሰው፣ ትራክቦልን ለሌላው ሥራ ይያዘው እንጂ ማውሱን ወይም የሥዕል ታብሌቱን አይጣል።

ግራኝ የሆነ አንባቢ ልብ ይበል፤ የአውራ ጣት ትራክቦሎች አብዛኞቹ ለቀኝ እጅ ብቻ የተቀረጹ ናቸው፤ ኤሌኮም ለግራ እጅ የሠራው አለ። ኤክስፐርት ማውስ፣ ስሊምብሌድና ሌላው የኬንሲንግተን ሞዴል ኦርቢት ግን ግራና ቀኛቸው እኩል ስለሆነ በየትኛውም እጅ ይሠራሉ። በሁለቱ እጆች እያፈራረቁ ለመሥራት ለሚፈልግም የሚመቹት እነዚህ ናቸው።

ገመድ አልባ ይሁን አይሁን ብዙ አያሳስብዎ። ማውስ ላይ ገመድ የሚያስቸግረው ስለሚጎተት ነው፤ ትራክቦል ከቦታው ስለማይነሳ ባለገመዱ ምንም አይጎድለውም። ባትሪውም የግንኙነት መቆራረጡም ይቀርልዎታል።

አቀማመጥ

ከኪቦርዱ ጎን፣ በተቻለ መጠን ተጠግቶ ይቀመጥ። ማውስ የሚንሸራተትበት ሜዳ ስለማያስፈልግ ራቅ የሚያደርጉበት ምክንያት የለም። ክርንዎ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ክንድዎ በጠረጴዛው ወይም በወንበሩ እጀታ ላይ ያርፍ። እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ጣት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ትከሻ ይደክማል፤ እንዲያ ከሆነ ትራክቦል የገዙበት ጥቅም የለም።

የእጅ አንጓ ወደ ላይም ወደ ጎንም ሳይታጠፍ ቀጥ ማለት አለበት። ትልልቅ ኳስ ያላቸው ሞዴሎች ከፍ ስለሚሉ አንጓን ወደ ኋላ ይቀለብሳሉ፤ መፍትሔው ከፊታቸው የአንጓ ማሳረፊያ ማድረግ ነው። ከዕቃው ጋር ካልመጣ፣ ከፍታው የሚመጥን ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም አራት ማዕዘን ተደርጎ የታጠፈ ፎጣ ይበቃል። ኤምኤክስ ኤርጎ ከሥሩ ባለ ማግኔት ሳህን ስላለው በ0 እና በ20 ዲግሪ ዘንበል ይላል፤ ሁለቱንም ይሞክሩና መዳፍዎ ዘና የሚልበትን ይያዙ።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል፤ ዕቃውን ከእጅዎ አቅጣጫ ጋር ማስማማት። ከርሰሩን ከስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ መሐል ያድርጉት። ኳሷን ሳታዩ፣ ዓይንዎን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ ጣትዎን በተፈጥሮ ወደሚሄድበት ወደ ላይ ያንከባልሉ። ከርሰሩ ቀጥ ብሎ ከወጣ ጨርሰዋል። ወደ ግራ ካዘነበለ የትራክቦሉን ፊት ትንሽ ወደ ግራ ያዙሩት፤ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ወደ ቀኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ እያስተካከሉ ሲደጋግሙት መስመሩ ይቀናል። በቀኝ እጅ ለሚሠራ ሰው ክንዱ ከጎን ወደ መሐል ስለሚገባ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ማዘንበል ያስፈልገዋል። ይህን ሳያስተካክሉ የጀመሩ ሰዎች ከርሰሩ "ጠማማ ይሄዳል" ብለው የሚያማርሩት ለዚህ ነው።

የሥሩ ጎማዎች ንጹሕ ይሁኑ። አቧራ የያዘ ጎማ ዕቃውን ያንሸራትተዋል፤ ኳሷን ስትገፉ አካሉም አብሮ ከሄደ እንቅስቃሴው ልክ አይኖረውም። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ፍጥነት ማስተካከል

ዲፒአይ ማለት የኳሷ ገጽ አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ሲዞር ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ የሚልከው የእርምጃ ብዛት ነው። ዊንዶውስ ላይ የፍጥነት መንሸራተቻው መሐል ላይ ሆኖ ማጣደፊያው (ኳሷ በፈጠነች ቁጥር ከርሰሩን አርቆ የሚወስደው ቅንብር) ከጠፋ አንድ እርምጃ አንድ ፒክስል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም ማስላት ይቻላል።

አውራ ጣት ሳይነሣ ኳስ ላይ በምቾት የሚሄደው ወደ 25 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ኢንች ገደማ ነው። በ400 ዲፒአይ አንድ ግፊት 400 ፒክስል ይሆናል። የስክሪኑ ስፋት 1920 ፒክስል ከሆነ ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ አምስት ግፊት ያስፈልጋል። ይህ ነው በመጀመሪያው ቀን ሰውን የሚያሰለቸው። በ1000 ዲፒአይ ግን ሁለት ግፊት ይበቃል። የስክሪኑ ስፋት 3840 ፒክስል ከሆነ በ1000 አራት፣ በ2000 ሁለት ግፊት ይሆናል። 55 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ ጣቶች ከተዘረጉበት እስከሚታጠፉበት ወደ 50 ሚሊ ሜትር ስለሚሄዱ፣ በ1000 ዲፒአይ በአንድ ግፊት ብቻ 1920 ፒክስል ይቋረጣል።

ታዲያ ለምን ሁሉንም 2000 ላይ አናደርገውም? በ400 ዲፒአይ ኳሷ አንድ ሚሊ ሜትር ስትዞር ከርሰሩ ወደ 16 ፒክስል ይሄዳል፤ ያ የአንዲት ትንሽ አይከን ስፋት ነው። በ1000 ወደ 39፣ በ2000 ወደ 79 ፒክስል ይሆናል። ጣት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ያለውን እንቅስቃሴ ለመቆጣጠር ልምድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በ2000 የጀመረ ሰው ትንሽ አይከን ላይ ማረፍ ያቅተዋል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ፦

1. መጀመሪያ ማጣደፊያውን ያጥፉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ማውስ፣ ከዚያ አዲሽናል ማውስ ሴቲንግስ ይክፈቱ፤ ፖይንተር ኦፕሽንስ በሚለው ትር ሥር ኢንሀንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን የሚለውን ምልክት ያንሡ። በአዳዲሶቹ ማክ ኦኤሶች ደግሞ ማውስ በሚለው ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ሲከፈት ፖይንተር አክሰለሬሽን የሚል ማብሪያና ማጥፊያ አለ።

2. የዊንዶውሱን የፍጥነት መንሸራተቻ መሐል ላይ፣ ከ20ው 10 ላይ ያድርጉ።

3. ዲፒአዩን በራሱ በዕቃው ላይ ወይም በፋብሪካው ፕሮግራም ይምረጡ፦ ለሎጂቴክ ሎጂ ኦፕሽንስ ፕላስ፣ ለኬንሲንግተን ኬንሲንግተን ወርክስ፣ ለኤሌኮም ማውስ አሲስታንት። ኤም575 ከ400 እስከ 2000 ይሄዳል፤ ሂዩጅ ላይ 500፣ 1000 እና 1500 የሚያፈራርቅ ማንሸራተቻ አለ። የስክሪንዎ ስፋት በሁለት ግፊት የሚቋረጥበትን ቁጥር ይያዙ።

4. አንድ ቀን ይሥሩበት። ትንንሽ ምልክቶች ላይ ማረፍ ካስቸገረዎ 200 ያህል ይቀንሱ፤ ረጅም መንገድ ካሰለቸዎ 200 ይጨምሩ።

5. ከዚያ ማጣደፊያውን መልሰው ያብሩና ይሞክሩት። ማጣደፊያ ማለት ኳሷ በቀስታ ስትዞር ከርሰሩ አጭር፣ በፍጥነት ስትዞር ረጅም መንገድ እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። ማውስ ላይ ብዙ ጌም ተጫዋች ያጠፋዋል፤ ትራክቦል ላይ ግን በጠባብ እንቅስቃሴ ሰፊ ስክሪን ለመሸፈን ያግዛል፤ ለአብዛኛው ሰው በርቶ ቢቆይ ይሻላል።

የዊንዶውሱን መንሸራተቻ ከመሐል በላይ ከማሳደግ ዲፒአዩን ማሳደግ ይመረጣል። መንሸራተቻው የሚያደርገው የመጣለትን እርምጃ ማባዛት ብቻ ስለሆነ ከርሰሩ በየመሐሉ ያሉ ፒክስሎችን እየዘለለ ይሄዳል። ዲፒአዩ የማይቀየር ዕቃ ከሆነ ግን ሌላ አማራጭ የለም፤ መንሸራተቻውን ይጠቀሙ።

እጅን ማስለመድ

ኳሷን በጣት ጫፍ ሥጋ እንጂ በጥፍርም በመዳፍም አያዙሯት። ትልቅ ኳስ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት አንድ ላይ ያሳርፉ፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ ኳሷ ወደ ጎን ታመልጣለች። ጫና አያስፈልግም። አጥብቀው ሲጫኗት ከሥሯ ባሉት ድጋፎች ላይ ስለምትታሽ ለመነሣት ታመነታለች፤ ከዚያ በድንገት ትስፈነጠራለች። ከርሰሩ እየተንተባተበ ከሄደ መጀመሪያ የጣትዎን ጫና ያላሉ።

እንቅስቃሴው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ወደ ዒላማው አቅጣጫ ገፋ አድርጎ መልቀቅ፤ ከርሰሩ ሲቃረብ ጣትን መልሶ በማሳረፍ ኳሷን ማስቆምና ቀሪውን ቀስ ብሎ መጨረስ። ከማውስ የመጣ ሰው ይህን መንገድ ሁሉ ኳሷን ሳይለቅ በአንድ ወጥ ግፊት ለመድረስ ይሞክራል፤ ጣቱ መንገድ ያልቅበትና ይናደዳል። ገፋ፣ ልቀቅ፣ አስቁም፣ አስተካክል። ይህ ቅደም ተከተል እጅ ውስጥ ሲገባ ትራክቦል ከማውስ ሊፈጥን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ክሊክ ሲያደርጉ ኳሷ ቆማ መሆን አለበት። የአውራ ጣቱ ትራክቦል ላይ ሌባ ጣት ቁልፉን ሲጫን እጅ ሙሉ በሙሉ ጭብጥ የማለት ልማድ ስላለው አውራ ጣትም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከርሰሩም ክሊኩ ሊደርስ ሲል ከምልክቱ ላይ ይሸሻል። ትልቅ ኳስ ላይ ደግሞ በአውራ ጣት ክሊክ ሲደረግ ሌሎቹ ጣቶች ኳሷን ይገፏታል። ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ከርሰሩ ዒላማው ላይ እንዳረፈ ኳሷ ላይ ያለውን ጣት በጥቂቱ አንሥቶ ክሊክ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጣቱን ኳሷ ላይ ጠበቅ አድርጎ እንደ ፍሬን ይዟት ክሊክ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ለትንንሽ ኳሶች፣ ሁለተኛው ለትልልቆቹ ይስማማል። ሁለቴ ክሊክ ማድረግ እንቢ ካለዎት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በሁለቱ ክሊኮች መሐል ከርሰሩ ትንሽ ከተንሸራተተ ዊንዶውስ እንደ ሁለት የተለያዩ ክሊኮች ይቆጥራቸዋል።

ለልምምድ ሶሊቴር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ማነጣጠርም ክሊክም መጎተትም አለበት። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በተረፈ ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ ያንሡት። አጠገብዎ ካለ ሥራ በተጣደፈ ቁጥር እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ልምዱም ይቋረጣል። አስቸኳይ ሥራ የሌለበትን ሳምንት መርጦ መጀመር ይሻላል። እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢዝል አይገርምም፤ ያልለመደ ጡንቻ እየሠራ ነው። ሹል ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ካለ ግን ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።

መጎተትና ጽሑፍ መምረጥ

ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኳስ ማዞር የትራክቦል ትልቁ ድካም ነው። መፍትሔው በተቻለ መጠን አለመጎተት ነው።

ረጅም ጽሑፍ ለመምረጥ መነሻው ላይ ክሊክ ያድርጉ፤ ከዚያ ሺፍትን ይዘው መጨረሻው ላይ ክሊክ ያድርጉ። ፋይል ከፎልደር ፎልደር ለማዛወር ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ መድረሻው ላይ ኮንትሮልና ቪ። መስኮቶችን ግራና ቀኝ ለመደርደር የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው የቀስት ቁልፍ ይጫኑ።

የግድ መጎተት ካለብዎ ክሊክሎክን ያብሩ። ቅድም በከፈቱት የማውስ መስኮት ውስጥ በተንስ የሚለው ትር ላይ ተርን ኦን ክሊክሎክ የሚል ምልክት አለ። ከዚያ በኋላ የግራ ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ ጫን ብለው ሲለቁት እንደተያዘ ይቆያል፤ ኳሷን በነፃነት ያዞራሉ፤ መድረሻው ላይ አንዴ ክሊክ ሲያደርጉ ይለቃል። ስንት ጊዜ ተጭኖ መቆየት እንዳለበት ከአጠገቡ ባለው ሴቲንግስ ይስተካከላል። አጭር ካደረጉት በተራ ክሊክ ሳያስቡት ይቆለፋል፤ ፋይሎች በራሳቸው ቦታ የሚቀይሩ ከመሰለዎ ይህን ያስረዝሙ።

ስክሮልና ቁልፎች

የአውራ ጣት ሞዴሎች የተለመደው የስክሮል ጎማ አላቸው። ኤክስፐርት ማውስ ላይ በኳሷ ዙሪያ ያለው ቀለበት ሲዞር ይሸበልላል። ስሊምብሌድ ላይ ኳሷን ራሷን እንደ ጠርሙስ ክዳን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጠምዘዝ ነው፤ ለሁለት ቀን ግራ ያጋባል፤ ከዚያ ለረጅም ሰነድ እጅግ ምቹ ሆኖ ይገኛል። ጎማ የሌለው ዕቃ ከሆነ አንድ ቁልፍ ይዞ ኳሷን በማዞር ስክሮል ማድረግ ይቻላል፤ ይህን የፋብሪካው ፕሮግራም ይሰጣል፤ ሊኑክስ ላይ ኬዲኢ ፕላዝማ በማውስ ሴቲንጉ ውስጥ የመሐል ቁልፍ ተይዞ ስክሮል የሚደረግበት ምርጫ አለው።

ትርፍ ቁልፎች ካሉ በመጀመሪያው ሳምንት አይንኳቸው። ከዚያ በኋላ አንዱን የመሐል ክሊክ፣ ሌላውን "ወደ ኋላ" ያድርጉት። ኤምኤክስ ኤርጎ ከኳሷ አጠገብ ያለው ትንሽ ቁልፍ ሲጫን ከርሰሩ ዝግ ይላል፤ ለፎቶ እርማት ጠቃሚ ነው።

ማጽዳት

ኳሷ የምትቀመጠው በሦስት ጥቃቅን እንክብሎች ላይ ነው። ዲያሜትራቸው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከብረት፣ ከሴራሚክ ወይም ከሰው ሠራሽ ሩቢ ይሠራሉ። ኳሷ ከጣት የወሰደችውን ወዝና አቧራ ሁሉ እነዚህ እንክብሎች ላይ ትጠርገዋለች። ኳሷን አውጥተው ወደ ውስጥ ቢመለከቱ በእያንዳንዱ እንክብል ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ያያሉ፤ አቧራ፣ የቆዳ ፍርፋሪና የጨርቅ ክር ተጋግሮ ነው። እንቅስቃሴው የሚከብደው፣ በተለይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከብደው፣ ከሦስቱ አንዱ ላይ ይህ ክምር ሲበዛ ነው።

በየቀኑ ለረጅም ሰዓት የሚሠራበት ዕቃ በሳምንት አንዴ ቢጸዳ ደስ ይላል። አሠራሩ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፦

1. ገመዱን ይንቀሉ ወይም ማጥፊያውን ይዝጉ። አለበለዚያ ስትጠርጉ ከርሰሩ እየሮጠ የማይፈለግ ነገር ይከፍታል።

2. ኳሷን ያውጡ። ኤም575፣ ሂዩጅና መሰሎቻቸው ከሥራቸው ቀዳዳ አላቸው፤ በእርሳስ ቂጥ ከሥር ገፋ ያድርጓት። ኤክስፐርት ማውስና ስሊምብሌድ ሲገለበጡ ኳሷ በራሷ ትወድቃለች፤ መዳፍዎን ከሥር ያድርጉ። ጠንካራ ወለል ላይ የወደቀች ኳስ ልትላጥ ትችላለች፤ የተላጠው ቦታ በዞረ ቁጥር ጣትዎ ይሰማዋል።

3. በእንክብሎቹ ዙሪያ ያለውን ክምር በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ አድርገው ያንሡት። ብዙ ጊዜ እንደ ቀለበት ሙሉውን ይነሣል። ዕቃውን ገልብጠው ይሥሩ፤ ፍርፋሪው ወደ ሴንሰሩ አይውደቅ። መርፌ ወይም የብረት ጫፍ አይጠቀሙ፤ እንክብሉ የተሰካበትን ፕላስቲክ ይቦጫጭራል።

4. የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል በጥቂቱ አርሰው እንክብሎቹን ያጽዱ። የሴንሰሩን መስታወት ግን በደረቅ ጥጥ፣ ሳይጫኑ። ከጥጡ የቀረ ክር ካለ በወረንጦ ያንሡት፤ አንዲት ክር ሴንሰር ፊት ብትቀር ከርሰሩን በራሱ ታንቀጠቅጠዋለች።

5. ኳሷን ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፤ በጣም ከቆሸሸች ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። አሴቶን በምንም መንገድ አያስጠጉ፤ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል፤ ገና የታጠበች ኳስ ከመታጠቧ በፊት ከነበረው ይልቅ ትከብዳለች። ገጿ ፍጹም ደርቆ ስለሆነ እንክብሎቹን ትይዛቸዋለች። በሁለት መዳፍዎ መሐል ለግማሽ ደቂቃ ያሽከርክሯት፤ ከቆዳ የምታገኘው ቀጭን ወዝ ይበቃታል። አዲስ ዕቃ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማሽን ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም የሚረጭ ቅባት ግን አያድርጉ። ለአንድ ሰዓት ያቀልለዋል፤ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ይለጥፈዋል፣ ሴንሰሩንም ያደበዝዘዋል።

ሲያስቸግር

ከርሰሩ ቢዘል ወይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄድ፣ መጀመሪያ የሴንሰሩን መስታወት ይዩ። አሥር ጊዜ ዘጠኙ ክር ወይም ፀጉር ነው። ንጹሕ ሆኖ ካልተሻለው ኳሷ በቦታዋ በትክክል መግባቷን ያረጋግጡ፤ ሳትጫን ከፍ ብላ ከቀረች ሴንሰሩ ገጿን አጥርቶ አያይም።

ገመድ አልባው ዘግየት ወይም ቆረጥ የሚል ከሆነ ባትሪውን ይቀይሩ፤ ካልሆነ የዩኤስቢ ተቀባዩን ቦታ ይለውጡ። ዩኤስቢ 3 መሰኪያዎችና በእነሱ ላይ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ አካባቢ ረብሻ ያመነጫሉ፤ ተቀባዩም የሚሠራው በዚያው ሞገድ ነው። በአጭር ዩኤስቢ ማስረዘሚያ ተቀባዩን ወደ ትራክቦሉ ማስጠጋት አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይጨርሰዋል።

አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ ክሊክ የሚያደርግ ቁልፍ የውስጡ ማይክሮስዊች አርጅቷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ አንድ ፎልደር ላይ ቀስ እያሉ ሃምሳ ጊዜ አንዴ አንዴ ክሊክ ያድርጉ፤ መሐል ላይ ፎልደሩ ከተከፈተ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ሶፍትዌር አያድነውም። ስዊቹ ርካሽ ቢሆንም ኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ዋስትናው ካላለቀ ዕቃውን ከመክፈትዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ፤ ጊዜ ለመግዛት ደግሞ የግራ ክሊኩን ለጊዜው ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር ይቻላል።

ተጸድቶም የማይቀልለው ኳስ ከሆነ እንክብሎቹ አልቀው ይሆናል፤ ይህ በብረቶቹ ላይ ይበዛል። የስልክዎን ካሜራ አቅርበው ፎቶ ያንሡና ያጉሉት፤ ክብ መሆን ያለበት እንክብል ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካሳየ አልቋል። በሴራሚክ ወይም በሩቢ መተካት ይቻላል፤ ግን ዲያሜትሩን በካሊፐር ለክተው ልክ ያንኑ ይግዙ። የሚለየው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ የኳሷ ከፍታ ይቀየርና ከሴንሰሩ ያላት ርቀት ይዛባል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ ሁለቱ አሮጌ ከሆኑ ኳሷ ወደ አንድ ጎን ትከብዳለች።

ኳስ ሲቀይሩም ዲያሜትሩ ብቻውን አይበቃም። እንደ ሎጂቴክ ትራክማን ማርብል ያሉ የቆዩ ሞዴሎች ሴንሰራቸው የሚያነበው ኳሷ ላይ የተረጩትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነው፤ መጠኗ ልክ የሆነ ነጠብጣብ የሌላት ኳስ ቢያስገቡባቸው ከርሰሩ ከቦታው አይነሣም። ከመግዛትዎ በፊት የድሮዋን ኳስ ብርሃን ላይ ያዙሯትና ገጿን በደንብ ይመልከቱ።